ላሞቻችንን ከመንጋ ያስወጣ ክርክር

ያን ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ሞላ ከብቶቹን ነድቶ ከወጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ መጣ። ከብቶቹም አብረውት ተመለሱ። እኔ በረቱን እየጠረግሁ ነበር። ቀይዋ ላም ከፊት፣ ጥጃዋ ከኋላ ሆነው፣ ሆዳቸው እንደተጣበቀ ግቢ ሲገቡ ሳይ አንዷ የታመመች መሰለኝ። እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ሁልጊዜ ክፉው ነው። መጥረጊያውን ጥዬ የላሟን አፍንጫ ዳሰስሁ። እርጥብ ነው፤ ደህና ናት።

«ምን ሆናችሁ?» አልሁት።

«ከመንጋው አትቀላቅል ተባልሁ።»

«ማን አለህ?»

«አያ ተሻገር ናቸው። ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሞላ ሲናደድ አይጮህም፤ ዝም ብሎ የእጁን መዳፍ ያያል። ያን ጊዜም መዳፉን አየ።

የፎገራን ሜዳ ለማታውቁ ነገሩን ላስረዳችሁ። እኛ የምንኖረው ከወረታ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው። ድሮ ሜዳው ሁሉ ሳር ነበር ይባላል፤ ዛሬ አብዛኛው የሩዝ ማሳ ሆኗል። የቀረችን አንዲት የወል ግጦሽ ናት። ከብቶቻችን በአንድ መንጋ ሆነው እዚያ ይውላሉ፤ የምንጠብቃቸውም በየቤቱ በተራ ነው። ተራ ያለው ሰው ሰፈርተኛ ነው። ከመንጋው የወጣ ሰው ግን ላሙ ብቻ ሳትሆን እሱም ወጥቷል ማለት ነው፤ ደቦ የሚጠራው የለም፣ ልጁን የሚድርለት የለም። አያ ተሻገር የግጦሹ ዳኛ ናቸው። ካቻምና አንድ ሰው የሳሩን ጠርዝ ገፍቶ ቢያርስ ሰው በገጀራ ሊተላለቅ ሲል በመካከል ገብተው ያስቆሙት እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ በዚያች ሳር ቀልድ የለም።

«ምን አጠፋን?» አልሁት።

«ልጅሽን ጠይቂ!»

ልጃችን ማስተዋል ስታስመሰግን የእሱ ልጅ ናት፤ ስታስወቅስ የእኔ። ከሆዱ ያለውን ቀስ እያልሁ አወጣሁት። ማስተዋል ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ወረታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ እየተማረች ቅዳሜና እሁድ ወደ እኛ ትመጣለች፤ ያን ቅዳሜ ግን ትምህርት ቤት ክርክር አለብኝ ብላ ቀርታ ነበር። ባለፈው እሁድ የጎርፍ መከላከያው ክምር አፈር ላይ ወጥታ፣ ከበታቿ ላሞቹ እየጋጡ፣ እጇን እያወናጨፈች «የወል ግጦሽ ለወጣቶች ተከፋፍሎ ሩዝ ይዘራበት!» ስትል ጎረቤታችን ወርቄ ሳር እያጨደች ሰማቻት። ወርቄ ሰው ለማሳቅ ብላ «የሞላ ልጅ ለላሞች ትሰብካለች» እያለች አወራች። ወሬው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲያልፍ ግን እየወፈረ ሄደ። ቅዳሜ ላይ «ሞላ ግጦሹን ሊያርስ አስቧል፤ ልጁን ከተማ አስተምሮ የምትከራከርለትም እሷው ናት» ሆኖ አረፈው።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ትምጣና፣ ያልሁትን ትቻለሁ ብላ በሕዝብ ፊት ትማል። ካልማለች ከብቶቻችሁ አይቀላቀሉም ብለዋል» አለ ሞላ። «አሁኑኑ ሂደሽ አምጫት። ያን ክርክር የሚሉትንም ነገር ትተወው። ሴት ልጅ አፍ ማሠልጠኛ ነው ወይ የላክናት?»

እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን አልረሳሁም፤ ግን ስለ ትምህርት ቤት ነገር አፌን ሞልቼ የምናገር ሴት አልነበርሁም። ነጠላዬን ለበስሁ፣ ሞላ ለከብቶቹ ገለባ ፍለጋ ወጥቶ ስለነበር በሩን አንዴ ቆልፌ ተመልሼ እንደገና ነካክቼ አየሁና መንገድ ጀመርሁ። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ አገኘሁ። እስከ ወረታ ድረስ «ልጄን ምን አስተማሩብኝ?» እያልሁ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ጸጥ ያለ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ከአንድ ክፍል ግን የፍርድ ቤት የሚመስል ጩኸት ይሰማል። በሩ ላይ ቆምሁ። አጠር ያለ፣ እጁ ጠመኔ የበላው ወጣት መምህር አየኝና «ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ፤ አድማጭ አጥተናል» ብሎ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። መምህር ይበልጣል የሚባል፣ የክርክር ክበቡ ኃላፊ ነበር። ማስተዋል ስታየኝ ደነገጠች።

መምህሩ ሁለት የሩዝ ገለባ በጭብጡ ይዞ ጫፋቸውን አሳያቸው። ረጅሙ የደረሰው «ግጦሹ ይታረስ» የሚለውን ርዕስ ይደግፋል፣ አጭሩ የደረሰው ይቃወማል። ማስተዋል ረጅሙን ሳበች። ከዚያ ተነሥታ መናገር ጀመረች።

«ሳሩ የሁላችን ነው ይላሉ» አለች። «የሁላችን ማለት ግን ላም ያለው ሰው ማለት ነው። ላም የሌለው ወጣት ከዚያ ሳር ምን ድርሻ አለው? ሽታው ነው ድርሻው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነትም ብላዋለች አልሁ በልቤ። ያውም ድምጿ! ይቺ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ከቀሚሴ ኋላ የምትደበቅ ነበረች። ያ ድምፅ ከየት መጣ? ልነሣና እጇን ይዤ ልወጣ ስል መምህሩ ጠረጴዛውን መታና «ተገላበጡ!» አለ።

ልጆቹ ተነሥተው ወንበር ተለዋወጡ። ከዚያኛው ጎን የነበሩት ወደዚህ፣ እነ ማስተዋል ወደዚያ። ማስተዋል እንደገና ቆመች።

«የከተማ ሰው ሩዝን ያውቀዋል፤ ጎርፍን ግን አያውቀውም» አለች። «ክረምት ውኃው ሲሞላ ሩዝ እግር የለውም፤ እዚያው ቆሞ ይሰጥማል። ላም ግን በእግሯ ትወጣለች። እኛን ማሳችን በተበላበት ዓመት ያሳደገችን በእግሯ የወጣችው ላም ናት። እግር ያለውን ሀብት ሸጣችሁ እግር የሌለውን ልትገዙ ነው ወይ?»

ይህ የእኔ ቃል ነው። ውኃው ቤታችን ደጃፍ በደረሰበት ክረምት ቀይዋን ላም በገመድ እየጎተትሁ ወደ ደረቁ ስወጣ «ተመስገን፣ አንች እንኳ እግር አለሽ» ብያት ነበር። ልጅቱ ትንሽ ነበረች፤ አልሰማችም ብዬ ነበር።

ከጨረሱ በኋላ ለመምህሩ የመጣሁበትን ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴ፣ እኔ ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም» አለ። «ሰኞ ከሐሙሲት ትምህርት ቤት ጋር ውድድር አለን። እርስዎን ችግር ላይ ከምጥል ማስተዋልን ልቀይራት። የወረታ ልጅ አለችኝ፤ የሷ ቤተሰብ ላም የለውም።»

ማስተዋል ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋን ብቻ ነው ያየሁት።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ሌላ ቀን ቢሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ የተሰጠኝን መውጫ እይዝ ነበር። ያን ቀን ግን «እስከ ነገ ማታ ይቆዩኝ፤ ልጅቱን አይቀይሩብኝ» አልሁት። ለምን እንዳልሁት እኔም አላወቅሁም። ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው።

ከባጃጅ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ «ነገ ያልሁትን ትቻለሁ ብለሽ ማይ ነው የሚሉሽ» አልኋት።

«እማየ፣ እንዴት ብየ?»

«እንደ ሰው ነዋ። እጅሽን አንሥተሽ።»

ቆም አለች። «ብምል እኮ የኔ ነበር ማለቴ ነው። የኔ ያልሆነውን የኔ ነበር ብየ በእግዜር ስም ልማል? ገለባው ሌላ ቢሆን ኖሮ እኮ ለሳሩ ነበር የምጮኸው። ያን ዕለት ላሞቹ ፊት ስለማመድ አጭሩ ደርሶኝ ቢሆን አያ ተሻገር ይመርቁኝ ነበር።»

ሰው እፈራለሁ፤ አዎ። ጎረቤት ምን ይለኛል እያልሁ የምኖር ሴት ነኝ። በሐሰት መማልን ግን ከሰው ሁሉ በላይ እፈራለሁ። ሁለቱ ፍርሃቶቼ ፊት ለፊት ሲቆሙ ትልቁ ትንሹን አሸነፈው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግሬ ጸና። ከመንገዱ ዳር ከወደቀ ክምር ሁለት የሩዝ ገለባ መዝዤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ሴቶች ከኋላ። አያ ተሻገር ረጅም ናቸው፤ ሲናገሩ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው በሁለት እጃቸው ይደገፉታል። በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት ለሰው ነገር እየተናገሩ የኖሩ ናቸው፤ በእኛ ሜዳ በአፍ የሚደርስባቸው የለም።

«ነገሩን ሁላችሁ ሰምታችኋል» አሉ። «ሞላ ጨዋ ነው። ልጅ አጠፋች፣ ልጅ ትምላለች፣ ነገሩም ያልቃል።»

ሞላ ተነሣ። «ልጄ ትምላለች» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

እኔ ከሴቶቹ መሀል ተነሣሁ። የነጠላዬን ቋጠሮ ጨብጬ ነበር።

«አያ ተሻገር፣ ልጄ አትምልም።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሞላ «ዘነቡ!» አለ።

«አትምልም፤ የሷ ያልሆነውን ቃል የኔ ነበር ብላ አትምልም። በዕጣ የደረሳትን ነው የተናገረችው። ትምህርት ቤት እንዲያ ነው፤ አንዱን ወገን በዕጣ ይሰጧቸዋል፣ እሱን ይናገራሉ።»

«ዕጣ ደረሰኝና ዋሸሁ ነው የምትለን?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

«ሰው በሆዱ የሌለውን በአፉ እንዴት ያወጣል፣ አንች ዘነቡ?» አሉ አያ ተሻገር።

«እርስዎ ያውቁታል እኮ። ያን የሰው በሬ የሰረቀውን ሰው ቆመው ተናግረውለት በነጻ አስለቅቀውት የለም? እርስዎ ሌባ ነበሩ?»

ወርቄ ከሴቶቹ መሀል በሳቅ ፈነዳች፣ ሰውም ተከተላት። አያ ተሻገር ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ያ ጥብቅና ነው» አሉ።

«ይህም እሱው ነው።»

የነጠላዬን ቋጠሮ ፈታሁ። ሁለቱን ገለባ በጭብጤ ይዤ ጫፋቸውን አስተካክዬ ወደ ፊት ሄድሁ። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁልኝ።

«ይሳቡ። ረጅሙ ከደረሰዎ ይታረስ ይላሉ። አጭሩ ከደረሰዎ ለሳሩ ይናገራሉ። ልጄ የቀረውን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ሰው በሆዱ የሌለውን መናገር አይችልም ካሉኝ እኔ ራሴ ከብቶቼን ነድቼ እወጣለሁ።»

ሞላ ዓይኑን ጨፈነ። አያ ተሻገር ገለባዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። እጃቸውን አላነሡም።

«አያ ተሻገር ፈሩ!» አለች ወርቄ።

«እኔ? ወረዳ ፊት ያልፈራሁ ሴት ፊት?» ብለው ሳቡ። ረጅሙ ወጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እስካሁን ባሰብሁት ቁጥር ይገርመኛል። አያ ተሻገር መጀመሪያ ቀልደው ሊያልፉ ፈለጉ። «ይታረስ፣ ሩዝ ጥሩ ነው፣ ጨረስሁ» አሉ። ሰው ግን «ይህ ነው ወይ የአያ ተሻገር አፍ?» እያለ ነቆራቸው። ተነኩ። ዱላቸውን ተከሉ፣ ሳል አሉ።

«እሺ» አሉ። «እንግዲያው ስሙኝ። እኔ ይህን ሳር ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አንድ ጋት አላስነካሁም። ዛሬም እዚሁ አለ፤ እዩት፣ አረንጓዴ ነው።» በዱላቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ። «ልጄስ የት አለ? የምሰጠው ቁራሽ መሬት ስላልነበረኝ መተማ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ያጭዳል። ሳሩን ጠብቄ ልጄን መጠበቅ አቃተኝ። ለላም መጋጫ አለን፤ ለልጅ ቦታ የለንም። ይህ ፍርድ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ከፊት የተቀመጡት አባቶች አንገታቸውን ደፉ። ከዳር የቆሙት ጎረምሶች ግን ቀና ቀና አሉ። አያ ተሻገር ራሳቸው የተናገሩት የገረማቸው ይመስል ትንሽ ቆይተው ተቀመጡ።

ማስተዋል ተነሣች። መልስ ለመስጠት አልቸኮለችም። «አያ ተሻገር ስለ ልጃቸው ያሉት እውነት ነው፤ እኔም ወንድም ቢኖረኝ እንዲያ እል ነበር» አለች በመጀመሪያ። ከዚያ የጎርፉን ነገር አመጣች፣ እግር ስለሌለው ሩዝና እግር ስላላት ላም። «ሳሩን ለአንድ መቶ ሰው ብትከፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው ድንበር ብቻ ነው። ድንበር ደግሞ አይበላም፤ ያጋድላል እንጂ። ካቻምና አይተነዋል» አለች። አንድ ሽማግሌ «እሰይ!» አሉ ሳያስቡት።

ስትቀመጥ ወርቄ ብድግ አለች። ያች ሴት ነገር አያልፋትም።

«አያ ተሻገር! እርስዎም በሕዝብ ፊት ይታረስ አሉ እኮ! እንግዲህ በሬዎችዎን ይዘው ከመንጋው ይውጡልን!»

«ወግጅ አንች!» አሉ አያ ተሻገር ከት ብለው እየሳቁ። «ይኸ እኮ ዕጣየ ነው!»

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ሳቃቸው ቆመ። ማስተዋልን አዩ። ከዚያ እኔን። ረጅሙ ገለባ አሁንም በጣቶቻቸው መሀል ነበር። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔ ይቅርታ ይላሉ ወይስ ይቆጣሉ እያልሁ ነው።

ይቅርታም አላሉ፣ አልተቆጡምም። ወደ ሞላ ዞረው እንዲሁ እንደ ዋዛ ጠየቁ፤

«ነገ መንጋው ተራው የማን ነው?»

ሞላ «የኛ ነበር» አለ።

«ነበር ምንድን ነው? በጊዜ ውጡ፤ ያለፈው ተረኛ አርፍዶብናል።»

ሞላ ዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ መዳፉን አየ። ያን ጊዜ ግን ተናዶ አልነበረም።

ሰኞ እንግዲህ ውድድሩ ነበር፤ ተራውም የእኛ ነበር። ያን ተራ ለሌላ ማስተላለፍ የሚታሰብ አልነበረም። ለአንድ ሰው መተውም አልፈለግንም፤ ሞላ በአንደኛው ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር ሆነን የሰፈሩን ከብት ሁሉ ስንጠብቅ ዋልን። ልጄ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ስትናገር ሳላያት ቀረሁ። ጠዋት ስትወጣ አያ ተሻገር አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃችን ቆመው ነበር። «እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። የሐሙሲት ሰው እንዴት እንደሚናገር ልስማ» አሉ።

ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘነብል በክምሩ አፈር ላይ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ሲመጡ አየኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ልቤ ወዲያው ክፉውን ሊያሳየኝ ጀመረ። አካሄዳቸውን አይቼ ለመገመት ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። እንደደረሱ እኔን ሳይሆን ከብቶቹን ነው ያዩት።

«ሁሉም አለ?»

«አለ። ልጄስ?»

«ከጓደኞቿ ጋር ለስላሳ እየጠጣች ነው። ረታን።»

ሞላ ከማዶ እየሮጠ መጣ። «በየትኛው ወገን?» አለ።

አያ ተሻገር ፊታቸውን ወደ ሳሩ አዞሩ። «በሩዝ» አሉ ቀስ ብለው። «ድጋሚ ረጅሙ ደረሳት። ስለ ልጄ ያልሁትንም ተናገረችው፤ ከኔ አሳምራ። ዳኞቹ ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብሁ።» ከዚያ ዱላቸውን ወደ ሞላ ቀሰሩ። «ሳሩን ግን እንዳትነኩ!»

እኔ ተቀምጬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። በሕይወቴ እንዲያ ሆኜ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

የግጦሹ ነገር እስከ ዛሬ አላለቀም። ሳሩ አለ፤ ልጆችም ወደ መተማ ይወርዳሉ። ግን ዋርካው ሥር ጎረምሶቹ ከዳር መቆም ትተው ተቀምጠው ይናገራሉ፤ እነሱ ሲናገሩም «ግጦሹን ሊያርሱ ነው» የሚላቸው የለም። ነገር ሲከርር ደግሞ ከመሀል አንድ ሰው «ገለባ ይሳብ!» ይላል። ሰው ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ግን የሌላውን ነገር አንድ ጊዜ በራሱ አፍ ሊለው ይሞክራል።

እኔም ተለውጫለሁ። ስጋቴ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም በሩን ቆልፌ ተመልሼ አያለሁ። ማስተዋል አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ስልኳ ካልተነሣ ክፉው ቀድሞ ይታየኛል። ነገር ግን ለስጋቴ አንድ ዙር ብቻ እሰጠዋለሁ። የሚለውን ሁሉ ይበል። ሲጨርስ እንደ መምህር ይበልጣል ጠረጴዛውን መታ አደርግና «ተገላበጥ» እለዋለሁ። ያኔ ሌላኛው ወገን ይነሣል፤ ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ክፍል ውስጥ ናት፣ ስልኳን አጥፍታ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ የሚረታው እሱ ነው።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ አንድ ቀን ከናንተ ሐሳብ የሚቃረን ቃል ጮክ ብሎ ሲናገር ትሰሙ ይሆናል፤ ለመስተዋት ይሁን ለላሞች አላውቅም። ልባችሁ ይደነግጣል፤ የኔም ደንግጦ ነበር። ከመቆጣታችሁ በፊት ግን ጠጋ በሉና የትኛው ገለባ እንደደረሰው ጠይቁት።